የጓንግ ኤሊ እንቁላል

ልጄ ዳዊት ባለፈው ወር ከገበያ ሲመለስ አንድ ቢጫ የፕላስቲክ ሳጥን ተሸክሞ ገባ። የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ነው። ክዳኑ ላይ ውስጡን የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለችው፤ ውስጡ አምፖል ይበራል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ (ገዳሪፍ ውስጥ መብራት የማይጠፋበት ቀን የለም) ጣሪያው ላይ ካለው ሶላር ጋር ይገናኛል። ዳዊት እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ስላደገ አማርኛው ከዐረብኛ ጋር የተቀየጠ ነው። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ደርድሮ ሲያበቃ እጁን አራገፈና፣ «ያ ኡሚ፣ አንቺ ምንም አትነኪም። ማኪናው ራሱ ያገላብጠዋል፣ ኸላስ» አለኝ።

እውነትም ያገላብጣል። በየሁለት ሰዓቱ ጠቅ ይልና መደርደሪያው ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን። እኔ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከቤት እየወጣሁ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር መቀመጥ አመጣሁ። ዳዊት ድምፁ ራሴን የሚያመኝ መስሎት ማሽኑን ወደ ጓዳ ወሰደልኝ። አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። አርባ ዓመት ያልነገሩትን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ከየት ይጀምሩታል? ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ለሱም ጭምር ነው።

እናቴ ደብሬ በበለሳ ዶሮ በማስታቀፍ የታወቀች ሴት ነበረች። ይህ ሙያ የማይመስለው ሰው ካለ ዶሮ አርብቶ አያውቅም ማለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እንቁላሉን በሰፌድ ይዞ እሷ ዘንድ ይመጣ ነበር። እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንሥታ ታየዋለች፣ ጆሮዋ ሥር ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ የሚታቀፈውን ከሚበላው ትለያለች። የምታስታቅፈው ምንጊዜም ጎደሎ ቁጥር ነው፤ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሦስት። ቁጥሩ ሙሉ ከሆነ ግም ይበዛበታል ትል ነበር።

አንድ ዓመት የታቀፈች ዶሮዋን ሸለምጥማጥ በላባት። እንቁላሎቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። እናቴ ገለባ በሞላችው ቅል ውስጥ ከተተቻቸውና ከምድጃው ዳር አስቀመጠቻቸው። የእያንዳንዱን አንድ ጎን በከሰል የመስቀል ምልክት አደረገችበትና በቀን ሦስት ጊዜ በእጇ ታገላብጣቸው ጀመር፤ አንዴ መስቀሉ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ዶሮም እንዲሁ ነው የምታደርገው፤ ያልተገላበጠ እንቁላል ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ጫጩት ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ «ደብሬ ያለ ዶሮ ትፈለፍላለች» እያለ ይቀልድባት ነበር። ቀልዱን ትወደው ነበር።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ መጀመሪያ ዶሮዎቹ አለቁ፣ ቀጥሎ በሬዎቹ ተሸጡ፣ ቀጥሎ እኛ ተነሣን። አባቴ ከዚያ በፊት ሞቷል። እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ አዱኛ ከሌላው ሰው ጋር ሆነን በአርማጭሆ በኩል ወደ መተማ ወረድን። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አዱኛ ዘጠኝ። ድንበሩን በተሻገርን በሁለተኛው ቀን አዱኛ ሞተ። አንድ ግራር ሥር ቀበርነው። ሰዎቹ ከቀትር በፊት ውኃ ካላገኘን ሁላችንም እዚህ እንቀራለን እያሉ ይቸኩሉ ስለነበር፣ በላዩ ላይ የሚበቃ ድንጋይ ሳንከምርበት ሄድን። እናቴ ሦስት ጊዜ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለች።

ዝም አለች ስል አለቀሰች ወይም ተከዘች ማለቴ አይደለም። ቃል አልወጣትም። ዶካ አካባቢ አንድ ወር ተኩል ማሽላ ቆረጣ ስሠራ እሷ ከማሳው ዳር ተቀምጣ ትውላለች፤ ሳበላት ትበላለች፤ ካላበላኋት አትጠይቅም። የዐረብኛ ቃላት የለቃቀምኩት እዚያ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ነው። የማሽላው ሥራ ሲያልቅ በሎሪ ጭነው ካምፕ አስገቡን።

ካምፑ ሱዳኖቹ አትባራ የሚሉት ወንዝ ዳር ነበር። እኛ ግን ወንዙን በሌላ ስም እናውቀዋለን፤ ከእኛ አገር የሚወርደው ጓንግ ነው። የአገራችንን ውኃ ተከትለን መጥተን እሱም እንደኛ ደክሞት አገኘነው። በበጋው አይፈስም። እዚህ አንድ ኩሬ፣ ራቅ ብሎ ሌላ ኩሬ፣ በመካከላቸው ሰፊ አሸዋ። የአሸዋው ሙቀት በጫማ ውስጥ ያልፋል፤ እሱም ጫማ ላለው ነው። በየቀኑ የሚቀበር ሰው ስለነበር መቃብር ቆፋሪዎቹ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይጠራቸው ይወጡ ነበር።

መጋቢት እንደገባ አንድ ቀን ጀርካኔን ይዤ ወደ ኩሬው ስወርድ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ ሰው አሸዋው ላይ ተንበርክኮ አየሁ። እናቴ እንደ ልማዷ ከኋላዬ ተከትላኛለች። ሰውየው ቀና ብሎ፣ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እዚህ አሸዋውን የሚቆፍረው ማነው?» አለኝ በዐረብኛ።

«ቀበሮም፣ አርጃኖም፣ እኛም» አልኩት።

ኡስታዝ በሽር ይባላል። ገዳሪፍ የሚያስተምር መምህር ነው። የወንዙ ኤሊዎች ከድንበሩ እስከ ታችኛው ግድብ ድረስ የትና የት እንቁላል እንደሚጥሉ እየዞረ ይመዘግብ ነበር። ሱዳኖች ኤሊን አቡ ገደህ ይሏታል፤ የገበታ አባት እንደማለት። ሰው በሚረግፍበት ዓመት ኤሊ የሚቆጥር ሰው ማየቴ አናደደኝ። ንዴቴ ፊቴ ላይ ታይቶት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ «የምታስቢው ይገባኛል» አለኝ። ይህንኑ ሥራ ድሮ በባሕሩ ዳር፣ በሱዋኪን በኩል ይሠራ እንደነበር ነገረኝ። እዚያ ጭንቅላቷ ትልቅ የሆነ አንዲት የባሕር ኤሊ አለች። ሌሎቹ ብዙ ናቸው፣ እሷ ግን ብርቅ ናት። አንድ ወቅት ሙሉ በእግሩ ሄዶ ዱካዋን ያገኘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ከውኃው ወጥታ አሸዋውን ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ደፍና ትመለሳለች፤ ስትቆፍር ዓይኗ እንባ ያፈስሳል።

ይህን ለእናቴ ተረጎምኩላት። የምተረጉምላት መልስ ጠብቄ አይደለም፤ ዝም ላለ ሰው ማውራት ለምዶብኝ ነው።

ኡስታዙ ጉድጓዱን በጣቶቹ እየጠረገ እንቁላሎቹን አወጣ። ክብ፣ ነጭ፣ ሎሚ የሚያህሉ ናቸው። እዚያው ቢተዋቸው እስከ ነገ አንድም እንደማይተርፍ ያውቃል፤ ስለዚህ ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውራቸው ነው። ከማንሣቱ በፊት በእያንዳንዱ አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረገ። እናቴ ቀረብ ብላ ቆመች። ነጥቡን አየች። እንቁላሎቹን በዓይኗ ቆጠረች። ከዚያም አራት ወር በዘጋው ድምፅዋ፣ «አርባ ሁለት ነው። ጎደሎ አድርጉት» አለች።

ጀርካኔ ከእጄ ወደቀ። ኡስታዙ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ስነግረው ሳቀና አንዱን አንሥቶ ሰጣት። «ሃጃ ትዘዝ» አለ፤ ሱዳኖች ትልቅ ሴትን እንዲህ ያከብራሉ። እናቴ በኋላ፣ «ክርስቲያን ነኝ፣ ለምን ሃጃ ይለኛል?» ብላ ተቆጣች። ስትቆጣ ሳያት ወደ ሌላ ዞሬ አለቀስኩ።

ኡስታዙ ከውኃ ማደያው ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል አመጣና ሁለቱንም ግማሽ በአሸዋ ሞልቶ እኛ ራኩባ ሥር አኖራቸው። ራኩባ በእንጨትና በሳር የቆመ ዳስ ነው፤ ቤታችን እሱ ነበር። አርባ አንዱን እንቁላል በአንደኛው ግማሽ ቀበረ። ሌላ ሲያገኝ በሁለተኛው ሊጨምር ነው። አሸዋው ሳይደርቅ ውኃ እንድናርከፈክፍበት፣ ሰውም አውሬም እንዳይነካው እንድንጠብቅ፣ ሁለት ወር ያህል እንደሚፈጅ ነገረን። ከዚያ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ ሎሪ ተገኘና ሄደ። ስለ ማገላበጥ ያለው ነገር የለም። የተቀበረ እንቁላል አውጥቶ የሚያገላብጥ ሰው ይኖራል ብሎ እንዴት ያስብ?

የተረፈችውን አንዷን እንቁላል እናቴ ለብርቄ ልጅ ሰጠቻት። ብርቄ ከዋግ የመጣች ጎረቤታችን ናት፤ ራኩባችን ጀርባ ለጀርባ የተደገፈ ነበር። ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ከካምፑ እንደወጣ አልተመለሰም። ልጇ ስንዱ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። በአገራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ኤሊ አይበላም፤ ስሙም ይቀፋል። ካምፑ ውስጥ የነበሩት ቄስ ግን ከጥር ጀምሮ ሰው ሲጠይቃቸው፣ «እግዜር ያያል፣ እኔ አላየሁም» ብለው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እንቁላሉን ብርቄ ቀቀለችው። ነጩ እምቢ አለ፣ አልረጋም፤ አስኳሉ ግን በሰለ። ስንዱ ጣቷን ሳይቀር ላሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ስነቃ እናቴ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላለች። አሸዋውን ገልጣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ታገላብጣለች። የኡስታዙ የእርሳስ ነጥብ ደብዘዝ ስላለባት በላዩ ላይ በከሰል መስቀል አድርጋበታለች። «ሰውየው ሙያ ያውቃል» አለችኝ። «ምልክቱን አይተሽዋል? የኛው ሙያ ነው።» እኔም የደብሬ ልጅ ነኝ፤ ምልክት ለማገላበጥ እንጂ ለሌላ እንደማይሆን አውቃለሁ። ከኩሬው ውኃ እያመጣሁ አርከፈክፍላት ጀመር።

ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። እናቴ ሰው ሆነች። ታወራለች፣ ራሷ ተሰልፋ ማሽላ ትቀበላለች፣ ትበላለች። አንድ ቀን አሸዋውን እየደፈነች ሳለ፣ «ያች የባሕሯ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ትመለሳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ኡስታዙ የነገረኝን አልኳት፤ አትመለስም፤ ልጆቿን አታያቸውም።

«ስትቆፍር ታለቅሳለች ያልሽው እሷን አይደል?»

«እንባ አይደለም፣ ጨው ነው ብሏል።»

«ጨው ያልሆነ እንባ የት አለ?» አለች እናቴ። ከዚያ ስለ አዱኛ አወራች፤ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ጠራች። ድንጋዩ አልበቃውም ነበር አለችኝ። እኔም አዎ፣ አልበቃውም አልኳት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እኔ ያን ሰሞን በእግሯ የምትሄደው እናቴ መሰለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ስንዱ ታመመች። ተቅማጥ ነው። ተቅማጥ በያዘ ሰው ካምፑ ሞልቶ ነበር። የሰጧትን ሁሉ ትመልሳለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብርቄ ልጇን አዝላ ራኩባችን አፍ ላይ ቆመች። እናቴ እያገላበጠች ነበር።

«እትዬ ደብሬ፣ አምስት ብቻ» አለች። «ያን ጊዜ የሰጠሻትን ወዳው ነበር። እሱን አልተፋችውም።»

እናቴ እጇን ከአሸዋው ሳታወጣ ቀና አለች። «ብርቄ፣ ሦስተኛ ሳምንቱ እኮ ነው። ነፍስ ገብቶበታል። ነፍስ የገባበትን እንዴት አድርጌ ላውጣው?»

«ስንዱም ነፍስ አላት» አለች ብርቄ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

እናቴ ተነሥታ የራሷን የማሽላ ገንፎ ከነገበታው ሰጠቻት። ብርቄ ገበታውን ተቀበለች። ገንፎ ለመለመን አልነበረም የመጣችው፤ ግን ተቀበለች። እኔ እዚያው ነበርኩ። ስጫት አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ በደንብ አውቀዋለሁ፤ እናቴን ያስነሧት እነዚያ እንቁላሎች ናቸው፤ ከተነኩ ተመልሳ ዝም ትላለች ብዬ ፈራሁ። እናቴን በአምስት እንቁላል መለወጥ አልፈለግሁም። እናቴ ጨካኝ ሴት አልነበረችም። ይህን መጻፍ ያስፈለገኝ ራሴም አንዳንድ ቀን ስለምጠራጠር ነው።

ስንዱ በአራተኛው ቀን ሞተች። አምስት እንቁላል ያድናት ነበር? አላውቅም። የዳኑትም ሆኑ የሞቱት በምን እንደሆነ በዚያ ካምፕ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቴ ያላትን አንድ ነጠላ አውጥታ ልጅቱን ገነዘችበት። ከቀብር እንደተመለስን ጊዜው ቀትር ሆኖ ነበርና ሄዳ አገላበጠች። ብርቄ ከራኩባዋ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ታያት ነበር። ያን ዓመት ፋሲካ ካምፑ ውስጥ እንቁላል ያለው ቤት የኛ ብቻ ነበር፣ እሱም ተቀብሮ።

ኡስታዝ በሽር ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት መጣ። በአሸዋ የተሞላ ባልዲ ይዟል፤ ሌላ አሸዋ ላይ ያገኛቸው ሠላሳ ዘጠኝ እንቁላሎች። በሁለተኛው ግማሽ በርሜል ቀበራቸውና የመጀመሪያዎቹን ሊያይ አሸዋውን ገለጠ። ከሰሉን አየ። አንዱን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ያዘው። ሰበረው። ሁለተኛውን ሰበረው። ሽታው ራኩባውን ሞላው። አምስተኛው ላይ ተወ።

«ያ ሙሉ፣ እነዚህን ማን ነካቸው?» አለኝ በስሜ ጠርቶ።

እንዴት እንደምናገላብጥ፣ ለምን እንደምናገላብጥ ነገርኩት። ቅርፊቱ ላይ እንዳይጣበቁ አልኩት። ቆጣ ቢል ይሻለኝ ነበር። አሸዋው ላይ ተቀመጠና እንደ ተማሪው ያስረዳኝ ጀመር። የዶሮ እንቁላል ይገላበጣል። የኤሊ ግን በመጀመሪያው ቀን ልጁ ከቅርፊቱ አናት ጋር ይጣበቃል፤ መጣበቁ ሕይወቱ ነው። ነጥቡን ያደረገው እንደ ነበሩ አድርጎ መልሶ ለመቅበር ነው። አንዴ ከተገለበጠ ልጁ ከሥር ይሆንና ይታፈናል። ቃሉ የማይገባኝ መስሎት በእጁም አሳየኝ። መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ገለበጠው፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እንደገና ዘረጋ፣ ገለበጠ፣ ነቀነቀ። «በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያለቁት» አለ። «ለእናትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያት። እነዚህን አዲሶቹን ግን በጣት እንኳ አትንኩ።»

በመጀመሪያው ሳምንት። ብርቄ የመጣችው በሦስተኛው ነው። ነፍስ ገብቶበታል ያልናት እንቁላል ከሞተ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር።

እናቴ ከኩሬው ተመልሳ፣ ጀርካኑን በጀርባዋ እንዳዘለች ራቅ ብላ ቆማለች። ኡስታዙ አንገቱን ደፍቶ ሰላም ብሏት ሄደ። «ምን አለ?» አለችኝ።

«አሸዋው ሞቀባቸው አለ» አልኳት። «ዓመቱ ነው አለ።»

«ዓመቱ ነው» አለች እሷም። ጀርካኑን አወረደች። የተበላሹትን አውጥታ ራቅ ወዳለ ቦታ ወሰደችና ቀበረቻቸው፤ በዚህ ጊዜ ድንጋይ ከመረችባቸው።

ነገ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። እንዴት እንደምነግራት አስቤ ነበር፤ ስለ አዲሶቹ ብቻ እነግራታለሁ፣ ስለ ቀደሙት አላነሣም። ግን ይህን ሲሰማ ያን የማይጠይቅ ሰው የት አለ? አትንኪ ማለት ገድለሻል ማለት ነው። ጠዋት ስነቃ ከሰሉን ይዛ በሁለተኛው በርሜል ላይ ጎንበስ ብላለች። መጀመሪያ አንዱን አውጥታ የቀሩትን ቆጠረችና መልሳ ከተተችው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ጎደሎ ነው። ከዚያ ማገላበጥ ጀመረች።

አንድ ቀን ብቻ ሞክሬያለሁ። «እማ፣ እነዚህን እንኳ ለምን እንደተቀበሩ አንተዋቸውም?» አልኳት።

«ልተዋቸው?» አለች ሳታየኝ። «አንች ልጅ፣ ስንቱን ጥዬ ልሂድ?»

ከዚያ በኋላ አልሞከርኩም። በየቀኑ ውኃ አመጣሁላት። በየቀኑ እነዚያ ሠላሳ ዘጠኝ ሲገደሉ እያየሁ አርከፈከፍኩ። በኋላማ ገና ከመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሞቱ አውቄ፣ የሞተ ሲገላበጥ ዝም ብዬ አየሁ። ነገ ዛሬ እያሉ ሰው ይገደላል የሚባለውን ያየሁት በኤሊ ነው።

ሰኔ ላይ ከአገራችን በኩል ደመናው ከበደ፤ እዚህ አንድም ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እያጓራ መጣ። ቀይ ነው፤ የኛ አገር አፈር ነው። ሰዉ ሁሉ ዳር ወጥቶ አየው። ኤሊዎቹ የሚጥሉበት አሸዋ በአንድ ሰዓት ጠፋ። ኡስታዝ በሽር መንገዱ በጭቃ ከመዘጋቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ መጣ። የሁለተኛውን በርሜል አሸዋ ገለጠ። በሠላሳ ዘጠኙም ላይ መስቀል አለ። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔን እንጂ እናቴን አላየም። «መዓለሽ» አለ፤ ይህ ሱዳኖች ለተሰበረ ብርጭቆም ለሞተ ሰውም የሚሉት ቃል ነው። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እኛም ከዝናቡ በኋላ ወደ ገዳሪፍ ወጣን። ብርቄ አገሯ ትመለስ አትመለስ ሳላውቅ ተለያየን።

እናቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ዝም አላለችም። እዚሁ ገዳሪፍ ዶሮ አረባች፣ ለሰፈሩ ሴቶች አስታቀፈች፣ ዐረብኛ ተማረች፣ ዳዊትን አዘለች። ስለ ኤሊዎቹ ግን እሷም እኔም አንሥተን አናውቅም። የሞተችበት ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች። መዳፏን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ገለበጠችው።

«ያን ቀን የኡስታዙን እጅ አይቼዋለሁ» አለችኝ።

እኔም ጠየቅኳት፤ «ታዲያ ለምን አገላበጥሻቸው?»

«ብርቄ ታየኝ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ታየኝ ነበር። ብተው፣ ለምን ተውሽ ትለኛለች። ያን ጊዜ ምን ልበላት?»

እኔም የኔን አልነገርኳትም፤ የዋሸኋት ለሷ ብዬ እንደሆነ ሳታውቀው አልቀረችም። ሠላሳ ዘጠኝ እንቁላል እኔ ለእናቴ ስሳሳ፣ እናቴ ለብርቄ ስትሳሳ አለቀ። ከሁላችን ይልቅ ማወቅ የሚገባት ብርቄ ነበረች። ምናልባትም ታውቅ ነበር፤ በቀዳዳው ስታይ የነበረው ሙያችንን ሳይሆን ሊሆን ይችላል። የት እንዳለች አላውቅም። ከዋግ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ሰሞኑን ከአገራችን ጦርነት ሸሽተው መንደር ስምንት ወደሚባለው መጠለያ የገቡትንም በልጆቼ ዕድሜ ያሉትን ሳይቀር ጠይቄአለሁ። የሚያውቃት አላገኘሁም። ባገኛት የምለውም የለኝም።

ትናንት የዳዊት እንቁላሎች አሥራ ስምንተኛ ቀናቸውን ያዙ። ጓዳ ገብቶ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ሲል ተከትዬው ገባሁ። መፈልፈያቸው ሲቃረብ መገላበጥ የለባቸውም አለኝ፤ ጫጩቱ ቦታውን የሚይዝበት ጊዜ ነው። በጣቱ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ተጫነ። መደርደሪያው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ያ ድምፅም ጠፋ። ዳዊት እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ሥራው ሄደ። ለምን አቆምክ ያለው ሰው የለም።